ፕላዝማውና ታደለች

በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ዲላ በገባ ሰሞን የገጠመኝ ነው። መምህራን ተሰብስበው ስለ ቴክኖሎጂ ጥቅም ሲያወሩ እኔ ዝም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት ነበርኩ። ታደለች የምትባል፣ ከጪጩ በኩል በእግሯ እየመጣች የምትማር ልጅ ነበረችኝ። ፊት ወንበር ትቀመጣለች። ወደ ግራ ስሄድ አንገቷ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስሄድ ወደ ቀኝ ይዞራል። ትጋት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። በሒሳብ የሚያህላት አልነበረም።

ከዚያ ፕላዝማው መጣና በብረት ሳጥን ተቆልፎ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እኛ መግቢያ ተናግረን ከኋላ እንቀመጣለን፤ ማስተማሩ የሱ ሆነ። ውስጡ ያለው አስተማሪ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል። ፊቱ ብዙ አይታይም፤ ድምፁ እየተሰማ ቁጥርና ሥዕል ብቻ ያልፋል። ጥያቄ ይጠይቅና ማንም ሳይመልስለት «በጣም ጥሩ!» ብሎ ይቀጥላል። ክፍሉ በሙሉ ግራ ስለተጋባ የታደለችን ጭንቀት ለይቶ ያየ አልነበረም።

ፈተና ላይ ወደቀች። ተናድጄ መምህራን ክፍል ጠራኋት። ጀርባዬን ሰጥቼ ከቁም ሣጥኑ ወረቀቷን እየፈለግሁ «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ፍቅር ያዘሽ እንዴ?» አልኳት። መልስ የለም። ደግሜ ጠየቅኋት፤ ዝም። ዘወር ስል እንባዋ ይወርዳል።

«ቲቸር፣ ዞረው ሲያወሩ አይታየኝም» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የሚሉት።»

በልጅነቷ ማጅራት ገትር ታማ ጆሮዋ አይሰማም። ያን ሁሉ ጊዜ የተማረችው አፌን እያየች ነው! ቤተሰቧ ያውቃል፤ ትምህርት ቤቱ ግን አያውቅም። አባቷ «እስካለፍሽ ድረስ ተማሪ» ብለዋታል። ፕላዝማው እንዳቃታት ከሰሙ ያስቀሯታል። እንዳልናገርባት እጄን ይዛ ለመነችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፕላዝማው ሲናገር ከጎኑ እየቆምኩ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ የሚለውን በአማርኛ በከንፈሬ እነግራት ጀመር። ልጆቹ «ቲቸር ከፕላዝማው ጋር ትዘፍናለች!» እያሉ በሳቅ ሞቱ። ይሳቁ! የታደለች ውጤት እየተመለሰ ነበር።

አንድ ቀን ለክትትል የመጡ ሰዎች እንዲህ ስሆን አዩኝ። በሥርጭት ሰዓት ተማሪ ትበጠብጣለች ተብዬ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ተከሰስኩ። ታደለችን አስፈቅጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ከልባቸው አዘኑ። ደንቡን ግን መጣስ አልደፈሩም፤ «እስቲ ከአባቷ ጋር እንመካከር» ብለው አስጠሯቸው።

አባትየው ክፉ ሰው አልነበሩም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙን። ታደለች ውጪ በረንዳው ላይ ቆማ በመስኮቱ መስታወት ትታየን ነበር። አትሰማም ብለን እንደልባችን አወራን።

«እኔ ጋ ትኑር፤ ከትምህርት መልስ እኔው አስጠናታለሁ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ እባክዎ!» ብዬ ለመንኳቸው።

ቀና አሉ። «ጆሮ የሌለው ልጅ በዚህ ማሽን ምን ይማራል? በቃ፣ ቤት ትሁን። ቡና ትልቀም» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ስንወጣ ታደለች ደብተሮቿን ለጓደኛዋ ሰጥታ ጨርሳለች። እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኝ ስቆም ቀደመችኝ።

«ቲቸር፣ እርስዎ ያሉትን አይቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ከአባቷ ኋላ ኋላ እየተከተለች በግቢው በር ወጣች። ተመልሳ አልመጣችም።

ፕላዝማው ጠቀመ ጎዳ የሚለውን ክርክር ለሌሎች ትቻለሁ። እኔን ዛሬም የሚያንገበግበኝ ያ መስኮት ነው። ያየችው የእኔን ልመና ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በወደድኩ። የአባቷንም መልስ አይታለች።