የመብረቁ እናት

መብረቁ የሚባለው የካርቱን ጀግና እኔ ነኝ። ድምፁን ማለቴ ነው እንጂ፣ እኔስ ግማሽ ኩንታል ጤፍ እንኳ በወጉ አላነሳም። መብረቁ ግን የጭነት መኪና በአንድ እጁ ብድግ ያደርጋል። ጓደኛዬ ሚስባህ መጀመሪያ ደሴ ላይ በሥዕል መጽሐፍ አወጣው፤ ከዚያ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አድርጎ በየሳምንቱ ዩቲዩብ ላይ ይጭነው ጀመር። የመብረቁን እናት ሆነው የሚናገሩት እትዬ ፀሐይነሽ ናቸው።

እትዬ ፀሐይነሽ ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት። ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን ስላደከመው ሲያወሩ ይጮኻሉ። ሚስባህ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱን ሲቆጡ ሰማቸውና ወዲያው ደወለልኝ፤ «የመብረቁን እናት አገኘኋት!»

በመጀመሪያው ቀን ሥዕሉን አሳየናቸው። ትንሽ እንዳዩ ተቆጡ።

«ይሄ ልጅ አፉን ይከፍታል ይዘጋል እንጂ ምን ተናገረ? ዓሣ ነው እንዴ?»

ሽመና ክፍል ውስጥ በድምፅ መነጋገር ስለማይቻል ሠራተኞቹ የሚግባቡት ከንፈር እያዩ ነው። እሳቸው የሥዕል ከንፈርም ያነባሉ። ሚስባህ ሦስት ቀን አኮረፈ። በአራተኛው ቀን የመብረቁን አፍ እንደ አዲስ ይሥል ጀመር፤ እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው እያረሙት። እንደዚያ ጭቅጭቅ የወደድኩት ነገር የለም።

ጉዱ የመጣው በመጨረሻው ክፍል ነው። መብረቁ ወደ ውጊያ ሊወጣ ሲል እናቱ በሹክሹክታ «ሂድ ልጄ፤ ብቻ ተመለስልኝ» ትለዋለች። ጠላት በሩ ላይ ቆሟል፤ ድምፅ ከሰማ አለቀላቸው። እትዬ ፀሐይነሽ ተናገሩት። እንኳን በር ላይ የቆመ፣ ቦሩ ሜዳ ያለ ጠላትም ይሰማቸዋል! ደጋግመን ሞከርን። እሳቸው ዝቅ ያሉ ይመስላቸዋል፤ ራሳቸውን አይሰሙማ።

ሚስባህ ጨነቀው። «እትዬ፣ ለሌላ ሰው ብንሰጠውስ?» አለ። እናት ደግሞ መጨረሻ ላይ ድምፅ አትለውጥም፤ ሌላ ሴት ከመጣች ያለፈውም ሁሉ በእሷ ድምፅ እንደ አዲስ ሊቀዳ ነው።

እትዬ ፀሐይነሽ የሚስባህን ከንፈር አነበቡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄንማ ለማንም አልሰጥም» አሉ። «ነገ ፋጡማን ይዣት እመጣለሁ።»

እትዬ ፋጡማ ከሳቸው ትይዩ ባለው ማሽን ላይ አሥራ ሁለት ዓመት የሠሩ የሐርቡ ሴት ናቸው። ቀደም ብለው ስለለቀቁ ጆሯቸው ደህና ነው። በማግስቱ መጡና ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ፤ «አብሽሪ፣ ይቺም ችግር ሆና?» አሉ።

እትዬ ፀሐይነሽ ማይክሮፎኑ ዘንድ ተቀመጡ፤ ጓደኛቸውን ፊት ለፊታቸው አስቀመጡ።

«አሁን ማሽኑ ተነስቷል በይ» አሏቸው።

ከዚያ ልክ በሽመና ክፍሉ ልማድ፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ በትንፋሽ ተናገሩ። ሂድ ልጄ፤ ብቻ ተመለስልኝ። እኔ «እሺ እማዬ» ማለት ነበረብኝ። ከንፈራቸውን ሳይ ረሳሁት።

ሚስባህ የተቀዳውን ከፈተው። ሹክሹክታው ጥርት ብሎ ይሰማል። እትዬ ፀሐይነሽ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ጠበቁ፤ ጠበቁ፤ በመጨረሻ አወለቁት።

«ድምፄ አልገባም» ብለው ጮኹ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ምንም የለበትም። በቃ፣ ለሌላ ሴት ስጡት።»

እትዬ ፋጡማ ተነሱና የጓደኛቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ራሳቸው መለሱት። ድምፅ አላወጡም፤ ግን ከንፈራቸውን እኔም አነበብኩት።

«ወላሂ ሰምቼሻለሁ። ልጅሽም ሰምቶሻል።»