ነጫጭ ብዮች በዋልካ መንገድ

የቀኝ ጉልበቴ ሎሚ ከተሰበረ በኋላ ሐኪሙ ሁለት ነገር ነገረኝ፦ ረጅም መንገድ በእግርሽ አትሂጂ፤ ብስክሌት መንዳት ግን ይጠቅምሻል። እኔ የሰማሁት ሁለተኛውን ብቻ ነው። ቤቴ ወረታ ነው፤ ልጆቼም የሚማሩት እዚያው ነው። የማስተምረው ግን ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ፣ የሩዝ ማሳ መሃል በተቀመጠ ትምህርት ቤት ነበር። መስከረም ላይ ውሃው ከሜዳው ገና ሳይሸሽ ባጃጅ ወደዚያ ዝር አይልም። ስለዚህ በጠዋት ተነስቼ አሮጌ ብስክሌቴን እየረገጥኩ እሄዳለሁ።

ያን መስከረም ሁለት ጊዜ አረፈድኩ። ጭቃው ጎማውን ይይዘዋል፤ ጉልበቴ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሁለተኛው ቀን ላይ ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝ።

«መምህርት፣ ስምንተኛ ክፍሎች ዘንድሮ ክልላዊ ፈተና አለባቸው» አለኝ። «አንድ ጊዜ ደግመው ካረፈዱ ክፍሉን ለሌላ መምህር እሰጥና እርስዎን ቤተ መጻሕፍት እመድብዎታለሁ። ለጉልበትዎም ይሻላል።»

በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ሰው አክባሪ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ በተጣላሁትና በወጣልኝ። ያቺ «ለጉልበትዎም ይሻላል» የምትለዋ ግን አንገበገበችኝ። እነዚያን ልጆች ከሰባተኛ ክፍል ጀምሬ ይዣቸው የመጣሁ ነኝ። ማን ጥያቄ እንደሚፈራ፣ ማን ሳይገባው ራሱን እንደሚነቀንቅ አውቃለሁ። በጉልበቴ ሰበብ ለሌላ ሰው አሳልፌ ልሰጣቸው? በቁሜ አላደርገውም ብዬ ወጣሁ።

ባሕር ዳር በብስክሌት የሚወዳደር ታናሽ ወንድም አለኝ። ማታውኑ ደወልኩለት።

«እትዬ፣ ያንቺ ብስክሌት እኮ ብረቱ እርስ በርሱ ሲፋተግ ነው ጉልበትሽን የሚጨርሰው» አለኝ። «ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ውስጥ ያሉትን የብረት ብዮች አውጥተሽ በሴራሚክ ቀይሪያቸው። ቀላል ናቸው፣ ልሙጥ ናቸው፣ ደግሞ አይዝጉም።»

በሦስተኛው ቀን ብዮቹ በመድኃኒት ብልቃጥ ተሞልተው ከባሕር ዳር በመጣ ሚኒባስ ደረሱኝ። የሕፃን ጥርስ ይመስላሉ፤ ነጫጭና የሚያብረቀርቁ። መዳፌ ላይ አፍስሼ ሳገላብጣቸው ቆየሁ። ከወንድሜ ንግግር ሁሉ አእምሮዬ የያዘው «አይዝጉም» የሚለውን ነበር።

ለምን እሱን እንደያዘው የሚያውቅ የእኛን ሜዳ የሚያውቅ ነው። ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈራችን ሲረጥብ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ከዚያ መንገድ የወጣ ሰው ሁሉ ብስክሌቱን እየነዳ ከብት የሚጠጣበት ቦይ ውስጥ ያስገባና ከከብቱ ጎን ያቆመዋል። ውሃው ጎማውን እስከ መሃሉ ይውጠዋል። ሰውየው እግሩን እስኪታጠብ ብስክሌቱም ይታጠባል። በየቀኑ እንዲህ ውሃ የጠጣ ብስክሌት ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል፤ ኩሽኔታው ተፈቶ ይጠረጋል፣ ግራሶ በሚባለው ቢጫ ቅባት ይታሸጋል። እሱ ቢዘለል በወሩ ዝጎ ቁጭ ይላል። የቅዳሜ ወረፋ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እኔም ሰልችቶኝ ነበር። በዚያ ላይ ግራሶው ሲወፍር ጎማውን ያከብደዋል።

ወረታ አስፋልቱ ዳር ብስክሌት የሚጠግኑ አንድ ሐጂ አሉ። ብልቃጡን ሰጠኋቸው። ሁለቱንም ጎማ ፈቱ፣ አሮጌዎቹን ብዮች አራገፉ፣ ብዮቹ የሚሽከረከሩበትን የብረት ጎድጓዳ በጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ግራሶውን በጣታቸው ዛቁ።

«ግራሶው ይቅር፣ ሐጂ» አልኳቸው።

«እንዴት አድርጎ ይቀራል?»

«ይኸ አይዝግም። ግራሶ ያከብደዋል እንጂ አይጠቅመውም።»

ጣታቸውን እንደዘረጉ ቀና ብለው አዩኝ። «የኔ ልጅ፣ ብዩ አይዝግ ይሆናል። የተቀመጠበትስ?»

መልስ ሳጣ ቁጣ ይቀድመኛል። «ሐጂ፣ እኔ እኮ ሳይንስ ነው የማስተምረው» አልኳቸው።

ያቺን ንግግር ዛሬም ሳስባት ፊቴ ይግላል። እሳቸው ግን አልተቀየሙም። ጣታቸውን በጨርቅ ጠርገው «እንዳልሽ» አሉና የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አድርገውበት ገጠሙት።

ጎማውን አንስተው አሽከረከሩት። ሌላ ደንበኛ መጥቶ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠየቁ፤ የሩዙን ነገር አነሱ። ጎማው አሁንም ይዞራል። ልቤ በደስታ ዘለለ።

በማግስቱ መንገዱ ሌላ መንገድ ሆነ። ፔዳሉን ረገጥ አድርጌ ስተወው ብስክሌቱ በራሱ ይሄዳል። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ስደርስ ጠበቅኩት፤ አልመጣም። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበርኩ፤ ዘበኛው ገና ቁልፍ ይፈልጋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን ሳላረፍድ ፈረምኩ። ዳይሬክተሩ መዝገቡን እያየ ራሱን ሲነቀንቅ ሳየው ደረቴን ነፋሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ግራሶ ለማስደረግ ሲሰለፍ እኔ በሐጂ በር ደወሌን እያቃጨልኩ አልፍ ነበር። ማታ ማታ ግን እንደ ሰው ሁሉ ብስክሌቴን ቦዩ ውስጥ አቆመዋለሁ። ምን ይሆናል? አይዝግም።

ጥቅምት ላይ ከፊተኛው ጎማ አሸዋ የማኘክ ዓይነት ድምፅ መስማት ጀመርኩ። ጭቃ ነው ብዬ አለፍኩት። በሁለተኛው ቀን ድምፁ ጨመረ፤ ጭቃው እንዲለቅ ብዬ ከወትሮው አብልጬ ቦዩ ውስጥ አቆየሁት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መንገዱን ካጋመስኩ በኋላ ጎማው ቀጥ አለ። ወርጄ ገፋሁት፣ አልዞር አለ። አንስቼ በቡጢ መታሁት።

ማሳቸው ዳር የቆሙ አንድ አዛውንት ገበሬ ያዩኝ ነበር። «መምህርት፣ በዚያ እግርሽ የት ትደርሻለሽ? ተመለሽ እንጂ» አሉኝ።

«ብስክሌቱን ይጠብቁልኝ» አልኳቸውና በእግሬ ጉዞ ጀመርኩ።

ጭቃው ጫማዬን እያወለቀ ሲይዝብኝ ጫማውን በእጄ ያዝኩት። በየእርምጃው ጉልበቴን እንደ ምስማር ይወጋኛል። በንዴት አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝምና እዚህ ብናገረው ግድ የለኝም። ግን አልቆምኩም። ስደርስ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል። ዳይሬክተሩ ጠመኔ ይዞ እኔ ክፍል ውስጥ ያስተምራል። ወደ በሩ መጣና ጭቃዬን አየ፣ ያበጠ ጉልበቴን አየ።

«ሰበብ አላቀርብም። ሦስተኛዬ ነው» አልኩት።

«አዎ፣ ሦስተኛዎ ነው» አለኝ ዝግ ብሎ። ልጆቹ ሁሉ ያዩኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ።

ብስክሌቱን ከገበሬው ተቀብዬ ሐጂ ዘንድ አደረስኩት። ጎማውን ሲፈቱት በርበሬ የተበጠበጠበት የመሰለ ቀይ ውሃ ፈሰሰ። ብዮቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረጓቸው። ሁሉም እንደ መጀመሪያው ቀን ነጭ ናቸው። የብረት ጎድጓዳው ግን በዝገት ተቦርቡሮ ፈንጣጣ የያዘው ፊት ሆኗል።

«እነዚህስ ምንም አልሆኑም» አሉ ብዮቹን እያሳዩኝ። «የታመመው ጎረቤታቸው ነው።»

የዛገውን በአዲስ ቀየሩት። ከዚያ ግራሶውን በጣታቸው ዛቁና ጣታቸውን እንደዘረጉ ጠበቁኝ።

«ያድርጉበት» አልኩ።

«ብዙ?»

«የፈለጉትን ያህል።»

«ኧረ ብዙስ አይዶለም፤ ያከብደዋል ያልሽው እውነት ነው። ሳሳ አርጌ እቀባዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እንዳትቀሪ። ቦዩንም ተይ፤ ጭቃውን በእንጨት ፋቂው፣ በጨርቅ ጥረጊው።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ምን በደልሽኝ?» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ቤተ መጻሕፍት ስንት ሰዓት እንደምገባ የሚጠይቀኝ አልነበረም። እኔ ግን በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እደርስ ነበር፤ መዝገቡ ላይ የመጀመሪያዋ ፊርማ የእኔ እንድትሆን ቆርጫለሁ። ማታ ሰዉ ብስክሌቱን ቦይ ሲያስገባ እኔ ዳር ቁጭ ብዬ በእንጨት ጭቃ እፍቃለሁ። «መምህርት፣ ብስክሌትሽ ውሃ ይፈራል እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። «አዎ፣ ይፈራል» እላለሁ። ሩዙ ታጨደ፣ ተወቃ፤ መንገዱ ደርቆ ተሰነጣጠቀ፤ አንድ ቀን አላረፈድኩም። የስምንተኛ ክፍል ልጆች በዕረፍት ሰዓት ያልገባቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር፤ በመጽሐፍ መደርደሪያዎቹ መሃል ቆመን እንነጋገራለን።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲጀመር ዳይሬክተሩ ጠመኔ ይዞ መጣ። «ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ጉልበቴን ይተዉትና መዝገቡን ይዩ።»

«አይቼው ነው የመጣሁት» አለና ጠመኔውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

ወደ ክፍሌ በተመለስኩበት በመጀመሪያው ቀን ትምህርቱ ስለ ሰበቃ ነበር። የዛገውን የብረት ጎድጓዳ ከቦርሳዬ አውጥቼ በየወንበሩ አዞርኩት። ምን እንደተፋተገ፣ ውሃው የት እንደገባ አስረዳሁ። ጥያቄ ትፈራለች ያልኳት ልጅ ጎድጓዳውን ይዛ ብዙ አገላበጠችው። ከዚያ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ታዲያ ግራሶ ለምን አላስደረጉበትም?»

ጠመኔውን አስቀመጥኩ።

«አስደርጊ ያሉኝ ሰው ነበሩ» አልኳት። «እኔ ግን ሳይንስ አስተምራለሁ ብዬ እምቢ አልኳቸው።»

ማንም አልሳቀም። ልጅቷ ደብተሯን ስባ ያልኩትን መጻፍ ጀመረች። ይኸን አትጻፊው ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ጽፋ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኳት።