መወጣጫው ይነቃነቃል

የደርግ ጊዜው ጦርነት አብቅቶ ከወሎ መቐለ እንደገባሁ ሥራ የጀመርኩት ዓዲ ሓቂ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ሲሠራ ነው። ካቦው ኣያ ገብሩ የሚባል ቀጭን ሰው ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ምን ትችላለህ?» አለኝ።

«ሁሉንም።»

«እንግዲያው ምንም አትችልም። አጠና ተሸከም።»

ማታ ቤቴ ስገባ ትከሻዬ ተልጦ ሸሚዜ ላይ ተጣብቆ ነበር። ማንም አይዞህ አላለኝም።

አጠና ረጅሙ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። እሱን እያቆምን፣ እያጋደምን፣ በሚስማርና በሽቦ እያሰርን ለግንበኛና ለለሳኝ መወጣጫ እንሠራለን። ሕንጻው ሲያልቅ እናፈርሰዋለን። ሰው ሕንጻውን ያደንቃል፤ እኛን የሚያነሳን አጠና ወድቆ መኪናውን ሲመታበት ብቻ ነው።

በእኛ ሥራ አንድ ደንብ አለ። መወጣጫውን ያሳሰረው ካቦ የላይኛውን ርብራብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ራሱ ካልሄደበት ለሳኝ አይወጣም። እጅ ወደ ኋላ፣ ዐይን ወደ ፊት። እግሩን እያየ የሄደ ካቦ ባሰረው ነገር እምነት የለውም ይባላል። ለሳኞቹም ባልዲያቸውን ደፍተው ይቀመጡበታል። ኣያ ገብሩ እዚያ ላይ ሲንጎራደድ የሙሽራው አጎት ይመስል ነበር።

እሱ አገሩ ሲገባ ካቦነቱ ለእኔ ደረሰ። ከዓዲ ሓቂ እስከ ቁሓ ያላሰርኩበት መንደር ጥቂት ነው። ስለ ምስጋና አትጠይቁኝ። በየምርቃቱ ሪባን የሚቆርጡት አጠና በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ፊደል የቆጠርኩትም በዚያው ዘመን ነው፣ በጎልማሶች ትምህርት። አስተማሪዋ በዕድሜ ከልጄ ታንስ ነበር፤ ቁጣዋ ግን የእናቴ ነበር።

ነገሩ የመጣብኝ ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ሆቴል ስንሠራ ነው። አሰርን፣ ወጣሁ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ሄድኩ። መሐል ስደርስ ርብራቡ ከእግሬ ሥር ወደ ግራ ተንሸራተተ። አግዳሚውን ጨብጬ ቀረሁ።

«ግደይ!» ብዬ ጮህኩ። ግደይ ምክትሌ ነው፤ ሥራ ያውቃል፣ አፉ ግን አያርፍም። «ምን ነክቶህ ነው እንዲህ ያሰርከው? ይነቃነቃል!»

«ዋእ! ኣያ እንድሪስ፣ ይህን ያሰርከው አንተ ነህኮ።»

«እንግዲያው ሚስማሩ ነው። ፍቱት!»

ፈትተን እንደገና አሰርነው። ወጣሁ፤ አሁንም ሄደብኝ። ሚስማሩን አስቀየርኩ። ቀጥሎ አጠናውን ሰደብኩ። አጠናውም ሲቀየር የቀረኝ ነፋሱ ነበር፤ እሱንም ሰደብኩት። ለሳኞቹ ጥላ ሥር ተጋድመው «ኣቦይ እንድሪስ ዛሬም ሊያስፈርስ ነው፤ እንተኛ» ይባባላሉ። እስከዚያ ድረስ ኣያ ነበርኩ፣ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ኣቦይ ብለው አባት አደረጉኝ። እንዲህ ያለ ሹመት ለጠላትም አይስጥ።

ኮንትራክተሩ አቶ ተክላይ መጡ። ወፍራም ሰው ናቸው፤ ተናግረው ሲጨርሱ ያለከልካሉ። «እንድሪስ፣ ስትሠራ ነው ወይስ ስታፈርስ የማገኝህ?»

«ይነቃነቃል፣ አቶ ተክላይ። ሰው ልግደል?»

ግደይን ላኩት። ወጣ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሄደ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ እየዘለለ ረገጠው። ርብራቡ ንቅንቅ አላለም። ከላይ ሆኖ «ኣቦይ፣ ከበሮ ይምጣልኝ እንዴ?» አለ። ሁሉም ሳቁ።

አቶ ተክላይ አልሳቁም። «ሐኪም ይይህ» አሉኝ። «እግርህ ደህና ነው ካሉህ ተመለስ። ካልሆነ ካቦው ግደይ ነው።»

የመሣሪያ ቦርሳዬን እንዳነገትኩ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ አይቶ የላከኝ ክፍል በር ላይ «ፊዚዮቴራፒ» ይላል። በጎልማሳነቱ የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል እንደ መሰላል ነው የሚወጣው። «ቴ» ላይ አረፍ ብዬ «ፒ» ጋ ሳልደርስ በሩ ተከፈተ። ሰላም የምትባል ወጣት ባለሙያ አስገባችኝ።

«ኣቦይ፣ ያምዎታል?»

«አያመኝም።»

«ያዞርዎታል?»

«እኔን አያዞረኝም። መወጣጫው ነው የሚዞረው።»

አልጋው ላይ አስተኛችኝ። «ዐይንዎን ይጨፍኑ። የእግርዎን አውራ ጣት ሳንቀሳቅሰው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይበሉኝ።» ጨፈንኩ። ጠበቅኩ። ሰለቸኝ።

«መቼ ነው የምትጀምሪው?»

«ጀምሬያለሁ እኮ።»

ዐይኔን ስገልጥ ጣቴ ወደ ጣሪያው ተቀስሯል። የገዛ ጣቴ፣ ሳይነግረኝ።

ቀጥላ እግሬን አስገጥማ አቆመችኝ። «አሁንም ይጨፍኑ።» ስጨፍን ክፍሉ በሙሉ ወደ ግራ ሄደ። ስንጠራራ በእጄ የገባው የጋውኗ እጅጌ ነው።

«ወለላችሁ ተዳፋት ነው» አልኳት። «የሠራው ሌባ ነው።»

«ወለሉ ደህና ነው፣ ኣቦይ።»

«አንቺ ነሽ ለእኔ ስለ ወለል የምትነግሪኝ?»

ከቦርሳዬ ውኃ ልኬን አወጣሁና ወለሉ ላይ አጋደምኩት። አረፋዋ መሐል ላይ ቁጭ አለች። አዞርኩት፤ መሐል። በሩ ጋ ወሰድኩት፤ መሐል። ሰላም አጠገቤ ተንበርክካ ታያለች። ወረፋ የሚጠብቁት በሽተኞች አንገታቸውን አስግገው «ምን ጠፍቶባቸው ነው?» ይባባላሉ።

በዚያች አረፋ ስንቱን ግንበኛ ጠማማ ብዬ አዋርጄአለሁ። አሁን በተራዬ እኔን አዋረደችኝ።

ሰላም አንስታ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። «ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እግርዎ የት እንዳለ ለአእምሮ ይናገራሉ» አለችኝ። «ዕድሜ ሲገፋ ድምፃቸው ይደክማል። ስለማያም ሰው አያውቀውም። እስካሁን ያቆመዎት ዐይንዎ ነው። ከፍታ ላይ ደግሞ ዐይን የሚይዘው ቅርብ ነገር የለም።»

«ይድናል?»

«ልምምድ ያግዛል። የሃያ ዓመት እግር ግን አይመልስም።»

«አጠና ላይስ?»

«ልጅዎ ብሆን አላስወጣዎትም።»

መንገዱን ሁሉ ለአቶ ተክላይ የምዋሸውን ሳዘጋጅ ሄድኩ። መቼም ጣቴን አያዩትም። ሳይቱ ስደርስ ለሳኞቹ አሁንም ተጋድመዋል። እነሱን ሳያቸው፣ እዚያ ላይ ስንገዳገድ የምጨብጠው ከመካከላቸው አንዱን እንደሚሆን ገባኝ። ሰላም እንኳ የተረፈችው መሬት ላይ ስለነበርን ነው።

አቶ ተክላይን «ደህና አይደለሁም» አልኳቸው። «መወጣጫው ግን ደህና ነው። ግደይ ይሂድበት፤ እነዚህንም ይቀስቅሷቸው።»

ግደይ ሄደበት። ለሳኞቹ ወጡ። እኔ ታች ቀርቼ ቋሚውን አጠና በቱንቢ ማየት፣ የነቀዘውን መለየት ሥራዬ ሆነ። ግደይ ከላይ ሆኖ ሲያዘኝ እሰድበዋለሁ፤ ያም ሥራ ነው። ማታ ማታ ሰላም እንዳዘዘችኝ የበሩን መቃን ይዤ በአንድ እግር እቆማለሁ። ባለቤቴ ዘይነባ «ሽመላው፣ ራት ቀርቧል» ትላለች።

ከፍታ ላይ የምትሠሩ ሁሉ፣ ይህ እርጅና አያምም፤ ስለዚህ በሌላው ታሳብባላችሁ። ዕድሜያችሁ ሲገፋ እግራችሁን ገጥማችሁ፣ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ቁሙ። ከተወዛወዛችሁ ውረዱ። ስትሞክሩት ግን አጠገባችሁ ግድግዳ ይኑር። ሰው አይሁን፤ ሰው ሲስቅ መያዝ ይረሳል።