ያልነገርኩት ጾም

በስደት በምኖርበት ጻካኔ ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቄ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ስድስት ዓመት ተቀምጬ፣ አንድ ቀን «በረዶ ያለበት ተራራ መውጣት ልማር ነው» ብል ደንበኞቼ በሳቅ ፈረሱ። ሳቃቸው እልህ አስያዘኝና ተመዘገብኩ።

ድራከንስበርግ ተራራን የወጣነው አርብ ዕለት ነው። በረዶ የሚጥልበት የዚህ አገር ክረምት ከሰኔ ጾም ጋር ይገጥማል። እኔ፣ አብሮኝ የሚማር ኤሌክትሪሺያን እና አስተማሪያችን ነበርን። አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ እንደ ሰፈሩ ሰው «ማ»፣ እናት እንደማለት፣ እላቸዋለሁ። ጠዋት ሻይ ሲሰጡኝ «ጠጥቻለሁ» ብዬ ዋሸሁ። ጾም ለሰው አይወራም ተብዬ ነው ያደግኩት፤ ደግሞም ደካማ እንዳልባል ፈራሁ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ጫማዬ ላይ የታሰረው የብረት ጥርስ በረዶውን ሲነክስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ግን ደከመኝ። አሥር እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆሎ ብቆረጥምም አልጠገነኝም። በእኔ ምክንያት ቁልቁለቱ ሳያልቅ ጨለመብን፤ ያንን የሚያንሸራትት በረዶ በጨለማ መውረድ የማይታሰብ ነበር።

ትልቅ ድንጋይ ተጠግተን፣ እርስ በርስ የታሰርንበትን ገመድ ጠቅልለን ተቀመጥንበት፤ እግራችንን ቦርሳችን ውስጥ ከተትን። ማ ደጋግመው «ጣታችሁን አንቀሳቅሱ» ይሉናል። ኤሌክትሪሺያኑ «እግሬ አይሰማኝም» ሲል አላስቻለኝም፤ እውነቱን ተናገርኩ።

«ጾምሽን አልነካብሽም» አሉ ማ ተቆጥተው። «ጠዋት ብትነግሪኝ ግን አጭሩን መንገድ እንይዝ ነበር።»

አፈርኩ። የኤሌክትሪሺያኑን ልጅ እግር ጃኬቴ ውስጥ አስገብቼ ሳሸው አደርኩ። የተረፈኝን ቆሎ ለሦስት ተካፍለን እንቅልፍ እንዳይጥለን አንድ አንድ ፍሬ እየቆረጠምን አነጋን።

በሰላም ወረድን፤ የልጁም እግር ተረፈ። መኪናው ጋ ስንደርስ ማ «በሚቀጥለው ወር አትመጪም» አሉኝ።

«እመጣለሁ» አልኩ። መኪናውን አስነሱ።

ለንስሐ አባቴ ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው። «ተራራ በምትወጪበት ቀን የጾም ምግብ በጠዋት ብይ። ብቻሽን አይደለሽም የምትወጪው» አሉኝ።

በፍልሰታ፣ ሳልጠራ ወደ ተራራው መነሻ ሄድኩ። ሰላም እንኳ ሳልል «ማ፣ ጾም ላይ ነኝ። ሥጋና ወተት አልነካም፤ ዛሬ ግን በጠዋት እበላለሁ» አልኳቸው። የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦዬን አወጣሁ። ገመዱን ይዘው ፊቴ ቆሙ፤ የመጨረሻውን ጉርሻ እስክውጥ አልሰጡኝም።