የአጎቴ የሩቅ ወዳጆች

አጎቴ በዩኒቨርሲቲው ስለ ውሃ ማጣራት ሲመራመር ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ከሚያወጣው ጥናት ሁሉ ላይ፣ ከስሙ አጠገብ፣ የአንድ ባሕር ማዶ ሰው ስም አይጠፋም። እኛ ቤተ ዘመዶቹ «ኤምባሲው» እንለዋለን። አጥር ለአጥር የሚዋሰነውን ጎረቤቱን ስም ጠይቁት፤ «ያ መነጽር የሚያደርገው» ይላል። የማዶ ወዳጁን ጉንፋን ከያዘው ግን ምሳ ላይ ሁላችንም እንሰማለን።

ያ ሁሉ ወዳጅ አንድ ጭንቀቱን አላቃለለለትም። አንዲት ልጅ አለችው፤ ኬሚስት ናት። ለሙያዋ የሚሆን ሥራ ስላጣች ወደ ውጭ ለመሄድ አስባለች። እሱ ደግሞ ያለሷ መኖር እንደማይችል ላገኘው ሁሉ ይናገራል።

በዚህ መሀል አንድ ትልቅ የውሃ ማጣሪያ ኩባንያ የምርምር ማዕከል የሚከፍትበት ከተማ እያፈላለገ ነው ተባለ። አጎቴ እንቅልፍ አጣ። ከንቲባውም እንቅልፍ አጡ፤ እሳቸው ግን የከተማውን አጥር ማስቀባት ጀመሩ። እንግዶቹ ሲመጡ አጥሩን ዞር ብለውም አላዩት፤ በቀጥታ የአጎቴን ቤተ ሙከራ ጠየቁ። ሕንጻ የትም ይሠራል፣ እኛ የምንፈልገው ከሌላው ዓለም ተመራማሪ ጋር አብሮ የመሥራት ልምድ ያለው ከተማ ነው አሏቸው ከንቲባውን።

የአጎቴ ልብ ሞቀ። አፍ ዳገት አይፈራም፤ ልጁን እንዲቀጥሩለት ብሎ፣ ከውጭ ሰዎች ጋር የሚያገናኘን እሷ ናት፣ ያለሷ አንድ ጥናት አይወጣም ብሎ ማለላቸው። ግማሹስ እውነት ነበር።

ማዕከሉ ለኛ ከተማ ሆነ፤ ልጅቱም ተቀጠረች። የዚያን ቀን ቤቱ በደስታና በሰው ተጨናነቀ።

እንግዳው ሲቀንስ አባትና ልጅ ወጥ ቤት ገብተው ብርጭቆ እያጠቡ ሳለ የቀረውን ነገረችው። ኩባንያው ግንኙነቱን የሚይዝለት ሰው በውጭ ዋና መሥሪያ ቤቱ እንዲቀመጥ ይፈልጋል፤ አባቷ ያን ያህል ካመሰገናት በኋላ ሌላ ሰው አልፈለጉም። ለሦስት ዓመት ትሄዳለች።

አጎቴ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረ።

«አባዬ፣ ተማሪዎችህን ወደ ውጭ ስትልክ ሩቅ አገር የሚባል የለም ትል አልነበር?» አለችው።

«እሱን እኮ የምለው ለሌሎች አባቶች ነበር» አላት።

በሩ ላይ የቆምነው ዘመዶች ገብተን ብርጭቆውን ማድረቅ ያዝን።