እናቴ የተሳፈረችባት ሰይቼንቶ

እናቴ የሞተችው ታክሲ ውስጥ ነው... ባለታክሲው ግን አላወቀም።

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ሐኪሞቹ «ቤቷ ብትሆን ይሻላል» ብለው አሰናበቱን። ቤታችን ፉሪ ነበር። ያኔ ለቡን ካለፋችሁ ማሳ ብቻ ስለሆነ እዚያ ድረስ የሚሄድ ታክሲ ማግኘት ጭንቅ ነው። ሰይቼንቶ የሚሏትን ትንሽ ታክሲ የሚነዳ አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው እሺ አለንና እናቴን ኋላ ወንበር ላይ ትከሻዬን አስደግፌያት ሄድን።

ለቡ ሳንደርስ እጇ ከእጄ ላይ ተንሸራተተ። ትንፋሿን ባዳምጥ... የለም።

ሞታለች ብል እዚያው ሜዳ ላይ ያወርደናል ብዬ ፈራሁ። እሷ ደግሞ «ቀዬዬ ውሰደኝ» ብላ አደራ ብላኛለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረግኩላት። ሰውየው በመስታወት አየንና...

«እማማ ተኙ?»

«አዎ ጋሼ፣ ደክሟት ነው።»

አላለቀስኩም። ባለቅስ ይነቃብኛላ!

ትንሽ እንደሄድን የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ሰውየው የእጅ ፍሬኑን ስቦ ወረደ። ትልልቅ ድንጋይ ፈልጎ ደህነኞቹ ጎማዎች ሥር ታኮ አደረገ። መሬቱ ጭቃ ስለነበር ለክሪኩ ጣውላ አነጠፈለት። የጎማውን ቡሎኖች አንድ በአንድ አላላ። እኔ በሆዴ «ኧረ ፍጠን!» እላለሁ። ጭራሽ መጥቶ በሩን ከፈተ።

«በል፣ እማማን ቀስ አድርገን እናውርዳቸው።»

«ግዴለም ጋሼ፣ እንደተኛች ትሁን። ቀላል ናት።»

«ሰው ተሳፍሮ መኪና አላነሳም። ክሪክ አይታመንም።»

ብለምነው፣ ብለማመጠው እምቢ አለ። በመጨረሻ ጮህኩበት።

«ሞታለች እኮ! ከእንግዲህ ምን ትሆናለች? ዝም ብለው ያንሱት!»

ኮፍያውን አወለቀ። አሁን ጥሎን ሊሄድ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን እጁን በጨርቅ ጠራረገና ጎንበስ ብሎ ገባ።

«ቢሞቱስ ታዲያ... ይንገጫገጩ?»

በዚያች ጠባብ በር እሱ ራሷን፣ እኔ እግሯን ይዘን አወረድናት። ካፖርቱን ሣሩ ላይ አንጥፎ አስተኛት። ከዚያ ሳይቸኩል ጎማውን ቀየረ፣ መኪናውን ቀስ አድርጎ አወረደ፣ ቡሎኖቹን አጠበቀ። ሲጨርስ እናቴ አጠገብ በርከክ ብሎ «እማማ፣ አልቋል። እንሂድ እንግዲህ» አላት።

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰውየውም እስኪወጣልኝ ቆሞ ጠበቀኝ። ፉሪ ስንገባ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሲጮህ አብሮን አለቀሰ፣ በማግስቱም ቀብር መጣ።

አደራዋን ተወጥቻለሁ፣ ተዝካሯንም አውጥቻለሁ። ግን «ከእንግዲህ ምን ትሆናለች» ያልኩት እኔ፣ የገዛ ልጇ ነኝ... ሰምታኝ ይሆን እንዴ እያልኩ ይኸው አረጀሁ።