ጎረቤት ያልተደመረበት ሶላር

ራሴ በመረጥኩት ሶላር ስልኬን ቻርጅ ለማድረግ ዛሬ ወረፋ ያዝኩ።

ይጁቤ አጠገብ ላለው የእናቴ ቤት ሶላሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ ማንንም አላማከርኩም። ሦስት አምፖል፣ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ስልክ ደምሬ ልኩን ገዛሁ።

«ትልቁን ውሰድ» ያለኝን ሻጭ ስለ ዋት ሳስተምረው ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ዛሬ ስደርስ መደቡ ላይ አሥራ አራት ስልክ ተደርድሯል። ሬዲዮው ጸጥ ብሏል።

«እማዬ፣ የማን ነው ይሄ ሁሉ?»

«የጎረቤት ነዋ። መብራት ገብቶልኝ ልመልሳቸው? ስትገዛው ለእኔ ብቻ ነው እንዴ ያሰብከው?»

አዎ። እዚያው መንደር አድጌ ጎረቤት መደመር ረሳሁ።

ስልኬን ሳወጣ «ከቄሰ ገበዙ ቀጥሎ አስቀምጠው» አለችኝ።

እናንተስ ሶላር ስትገዙ ጎረቤት ደምራችኋል ወይስ እንደኔ የተማራችሁ ናችሁ?